የፊሊፒንስ ዘመድን ወደ አሜሪካ ማምጣት፦ ከፎርሙ በፊት የሚወሰነው ቅደም ተከተል

ዱባይ ወይም ኩዌት አብረው ሠርተው የተጋቡ፣ ወይም አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ተዋውቀው ቤት የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንና ፊሊፒናውያን አሉ። ትዳሩ ሲጸና ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ መጀመሪያ የሚስት እናትና አባት፣ ቀጥሎ ወንድምና እህት። እኛ በዲቪውም በቤተሰብ ቪዛውም ስላለፍንበት የፊሊፒኖቹም ያው ይመስለናል። ፎርሙ ያው ነው። ወረፋውና ሰነዱ ግን ሌላ ነው፤ ዲቪ ደግሞ ለፊሊፒንስ ተወላጆች ክፍት አይደለም። ባለቤቴ ፊሊፒናዊት በመሆኗ የቤተሰቧን ወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው በዚሁ መንገድ ለሚገቡ ሰዎች ይጠቅማል ያልኩት ነው።

ከሁሉ በፊት ማን ለማን እንደሚያመለክት መታወቅ አለበት። ባል የአሜሪካ ዜጋ ቢሆንም ለአማቱ ማመልከት አይችልም። የምታመለክተው ልጃቸው ናት፤ እሷም ዜግነት ወስዳ 21 ዓመት ከሞላት ብቻ። በግሪን ካርድ ለወላጅም ሆነ ለወንድምና እህት ማመልከት አይቻልም። ስለዚህ ሚስት ገና ግሪን ካርድ ላይ ካለች የቤቱ የመጀመሪያ ሥራ የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ነው። ብዙ ፊሊፒናውያን አገር ቤት ያለው መሬት ወይም ውርስ ይነካል ብለው ዜግነቱን ያዘገዩታል። እኛም በራሳችን ሕግ ስለምንለካው ስጋቱን እናጸናላቸዋለን። ፊሊፒንስ ግን እንደ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሪፐብሊክ አክት 9225 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የፊሊፒንስ ተወላጅ ቆንስላ ሄዶ ቃለ መሐላ ፈጽሞ የትውልድ ዜግነቱን እንዲመልስ ይፈቅዳል። በዚህ ምክንያት የሚባክን ዓመት ያሳዝናል።

አሁን ወረፋው። የአሜሪካ ዜጋ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ ወረፋ የለባቸውም፤ የሚጠብቁት ወረቀቱ የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በዓመት ኮታ ይሄዳል። ለወንድምና እህት (ኤፍ4) ለመላው ዓለም በዓመት 65,000 ቪዛ ነው ያለው፤ ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ላላገቡ የዜጋ ልጆች (ኤፍ1) 23,400፣ ላገቡ የዜጋ ልጆች (ኤፍ3) እንዲሁ 23,400። ከዚህ ላይ አንድ አገር ከጠቅላላው ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ሕጉ ይገድባል። ፊሊፒንስ አመልካቿ ብዙ ስለሆነ የወረፋውን ቀን በየወሩ በሚገልጸው ቪዛ ቡለቲን ላይ የራሷ ዓምድ አላት። ኢትዮጵያዊ የሚያነበው “ሌሎች አገሮች” የሚለውን ዓምድ ነው፤ በልማድ እሱን አይታችሁ ለአማቾቻችሁ ቀን እንዳትነግሩ። በፊሊፒንስ ዓምድ ኤፍ3 እና ኤፍ4 ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ወይም ከዚያም የሚያልፍ ጥበቃ ነው፤ ኤፍ1 ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ወረፋው ይህን ያህል ከረዘመ ዘንድ አስተዋይ ሰው ለወንድምና እህቶች በቀጥታ አመልክቶ ብቻ አይቀመጥም። መጀመሪያ ወላጆቹን ያመጣል። ወላጆቹ ግሪን ካርድ ይዘው እንደገቡ፣ አገር ቤት ለቀሩት ላላገቡ ልጆቻቸው ራሳቸው ያመለክታሉ። ልጁ ከ21 በታች ከሆነ ኤፍ2ኤ ይባላል፤ ጥበቃው በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው። ከ21 በላይ ከሆነ ኤፍ2ቢ ነው፤ ረጅም ቢሆንም በተለምዶ ከኤፍ4 በእጅጉ ያጥራል። የወላጅ ቪዛ ሌላ ሰው አብሮ አያስከትልም። እናት ስትመጣ የ15 ዓመት ታናሽ ወንድም በእሷ ፋይል ውስጥ አይገባም፤ አባትም የራሱ የተለየ አይ-130 (የዘመድ ማመልከቻ ፎርም፣ ፔቲሽን) ያስፈልገዋል። ይህን ሳያውቁ እናትን ብቻ ካመለከቱ በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ አባትም ሕፃኑም አብረው የሚሄዱ የሚመስላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ የኤፍ4ን ማመልከቻ ጎን ለጎን ማስገባቱ አይከፋም፤ አንዱ ፋይል ሌላውን አይሰርዘውም፣ ከገባበት ቀን ጀምሮም ወረፋው ይቆጠራል። ያገባ ወንድም ካለ ደግሞ ወላጆቹ ዜግነት እስኪወስዱ ድረስ ሌላ መንገድ ስለሌለው ኤፍ4 ዛሬውኑ ይግባለት።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንግባ። የግሪን ካርድ ባለቤት ለሆነ ወላጅ ልጅ “ያገባ” የሚባል መደብ የለም። ልጁ ባገባ ዕለት ፔቲሽኑ በራሱ ይሞታል፤ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅም። ወላጁ ዜግነት ከወሰደ በኋላ ካገባ ግን ፋይሉ ወደ ኤፍ3 ይዛወራል፣ የመጀመሪያውም የወረፋ ቀን (ፕራዮሪቲ ዴት የሚሉት) ይጠበቅለታል። ስለዚህ “ሠርጉ መቼ ይሁን?” የሚለው ጥያቄ እናት የዜግነት መሐላ ከምትፈጽምበት ቀን ጋር ተያይዞ መመለስ አለበት። አሥር ዓመት አታግባ ተብሎ የሚጠብቅ ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ በድብቅ ያገባል፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ይፈርምና ለወላጁ አይናገርም። ያ ፊርማ ፒኤስኤ የሚባለው የፊሊፒንስ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ኤምባሲው የሚጠይቀው ሴኖማር የሚባለው ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ የሚወጣውም ከዚሁ መዝገብ ነው። ሳይታወቅ ቢያልፍ እንኳ ከዓመታት በኋላ ሚስቱን ለማምጣት ሲያመለክት የጋብቻው ቀን አሜሪካ ከገባበት ቀን ቀድሞ ይገኛል፤ ያኔ የሚመጣው የማባረር ክስ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። በፊሊፒንስ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የወላጆች የጋብቻ ቀንና ቦታ የሚሞላበት ሳጥን አለ። ያልተጋቡ ወላጆች በኀፍረት፣ ወይም አዋላጇ ስለሞላችው ብቻ፣ ያልነበረ ሠርግ ቀን ይጻፍበታል። ከዓመታት በኋላ “ያላገባሁ” ብሎ የሚቀርበው ሰው የልጁ የልደት ወረቀት “አግብቷል” ይልበታል። ስለዚህ ለኤፍ1 ወይም ለኤፍ2ቢ የሚጠብቅ ሰው ልጅ ካለው የልጁን ወረቀት አሁኑኑ አውጥቶ ይይ፤ ስህተት ካለበት ማስተካከሉ ጊዜ ይወስዳል። ልጁን መደበቅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ያላገባ ሰው ልጅ ቢኖረው ቪዛውን አያጣም፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጁ እንዲያውም አብሮት መሄድ ይችላል። በፎርሙ ላይ ያልተጻፈ ልጅ ግን በኋላ ሲመጣ ውሸት ሆኖ ይቆጠራል።

ፍቺም አለ፤ ወይም በትክክል ለመናገር የለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ለሙስሊሞች በ1977 ከወጣው ድንጋጌ በስተቀር ፍቺ በሕግ አይፈቀድም፤ ያለው በፍርድ ቤት የሚገኝ የጋብቻ መፍረስ ውሳኔ ነው፤ ረጅምና ውድ ነው። “ተለያይተናል” የሚል ሰው በአሜሪካ ዓይን ያገባ ነው። አባት እናትን ትቶ ከሌላ ሴት ጋር ሃያ ዓመት ቢኖር ያቺ ሴት የእንጀራ እናት ተብላ አትመጣም። ከፊሊፒኖ ጋር ተጋብቶ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ወገን በውጭ አገር ፍቺ ካገኘ ግን የፊሊፒንስ ቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 26 መንገድ ይከፍታል፤ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ፊሊፒናዊው ወገን ራሱ ያስገኘውን ፍቺ ጨምሮ ተርጉሞታል። በሁለቱም መንገድ የፊሊፒንስ ፍርድ ቤት እውቅና ሰጥቶት በፒኤስኤ የጋብቻ ወረቀት ኅዳግ ላይ ካልተመዘገበ ሰውየው በፊሊፒንስ መዝገብ ያገባ እንደሆነ ይቆያል።

ረጅም ወረፋ ውስጥ ልጆች ያድጋሉ። በኤፍ3 እና ኤፍ4 ማመልከቻ የገባለት ሰው ሚስትና ከ21 በታች ያሉ ልጆች አብረው ይገባሉ፤ ማመልከቻው ሲገባ የተወለደ ሕፃን ግን ወረፋው ሲደርስ ጎልማሳ ነው። እዚህ ላይ ሲኤስፒኤ የሚባለው ሕግ ይረዳል። ቪዛው በተከፈተበት (ወረፋው በደረሰበት) ቀን ካለው ዕድሜ ላይ አይ-130 ከገባበት እስከጸደቀበት የፈጀው ጊዜ ይቀነሳል። ፔቲሽኑ ለመጽደቅ 3 ዓመት ከፈጀና ልጅቷ ቪዛው ሲከፈት 23 ዓመት ከ2 ወር ቢሆናት በሕጉ 20 ዓመት ከ2 ወር ትሆናለች፤ ትገባለች። ቅድመ ሁኔታው ቪዛው በተከፈተ በአንድ ዓመት ውስጥ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም መሙላት ወይም ክፍያ መክፈልን የመሰለ እርምጃ መውሰዷ ነው። ለዚህ ስሌት መነሻው አይ-797 የሚባሉት የመቀበያና የማጽደቂያ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ሃያ ዓመት የሚቀመጡ ወረቀቶች መሆናቸውን አውቃችሁ ፎቶ አንስታችሁም ዋናውንም አስቀምጡ። አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥርም አሳውቁ። የጸደቀውን ፋይል ለኤምባሲው የሚያዘጋጀው ናሽናል ቪዛ ሴንተር (ኤንቪሲ) ወረፋው ደርሷል ብሎ ልኮ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ካጣ ፋይሉን መዝጋት ይችላል።

አመልካቹ ወረፋው ሳይደርስ ቢሞት ፔቲሽኑ ይወድቃል። ቀድሞ የጸደቀ ከሆነ ሰብዓዊ ምክንያት አቅርቦ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ተተኪ ስፖንሰር የሚሆን የቅርብ ዘመድም ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፉ እናት ለልጃቸው ሲያመለክቱ ሌላዋ ልጅ ዜጋ ከሆነች የኤፍ4ን ማመልከቻ ጎን ለጎን ማስገባት የምመክረው ለዚህም ነው።

ወደ ሰነዱ። ኤምባሲው የሚፈልገው በፒኤስኤ የደኅንነት ወረቀት ላይ የታተመ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ቅጂ ብቻውን አይበቃም። የፒኤስኤው ፊደል ካልተነበበ የማዘጋጃ ቤቱንም ቅጂ አብራችሁ አቅርቡ። የፊሊፒንስ ስም አሠራር ለእኛ ያደናግራል። በእኛ ከስም ቀጥሎ የአባት ስም ይመጣል፤ በእነሱ መካከል ላይ ያለው የእናት የትውልድ ቤተሰብ ስም ነው፣ መጨረሻው ደግሞ የአባት። አማቾቻችሁን ፎርም ስትሞሉላቸው የመካከለኛውን ስም የአባት እንዳይመስላችሁ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናቱን ስም ይዞ ያለ መካከለኛ ስም ይመዘገባል።

የስም ፊደል ስህተት በጣም የተለመደ ነው። በ2001 የወጣው ሪፐብሊክ አክት 9048 የፊደል ግድፈትን ፍርድ ቤት ሳይኬድ ልደቱ በተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ለማረም ይፈቅዳል፤ የማመልከቻው ክፍያ 1,000 ፔሶ ነው። በ2012 የወጣው 10172 ደግሞ የልደት ቀንና ወርን፣ እንዲሁም ጾታን በዚሁ መንገድ ማረም አስችሏል፤ ክፍያው 3,000 ፔሶ ሲሆን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማውጣትም ይጠይቃል። የልደት ዓመት ስህተት ግን ፍርድ ቤት ነው። ማረሙ ወራት ይፈጃልና ኤንቪሲ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ማመልከቻው ሲገባ ይጀመር። ልደቱ ዘግይቶ የተመዘገበ ሰው፣ በተለይ ከገጠር ደሴት የመጡ አዛውንቶች፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀትና ፎርም 137 የሚሉትን የትምህርት ቤት መዝገብ ያዘጋጁ። ኤምባሲው የዘር (ዲኤንኤ) ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሳይጠይቅ በራስ ተነሳሽነት ማሠራት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ምክንያቱም ናሙናው በእነሱ በኩል ካልተወሰደ አይቀበሉትም።

አክስት የእህቷን ልጅ እንደ ወለደችው አድርጋ ማስመዝገብም በፊሊፒንስ የታወቀ ነገር ነው። በፍቅር የተደረገ ቢሆንም ለቪዛ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። በ2019 የወጣው 11222 የሚባለው ሕግ ይህን በሕጋዊ ጉዲፈቻ ለማስተካከል መንገድ ከፍቷል፤ አሜሪካ ግን የጉዲፈቻ ዕድሜን በተመለከተ የራሷ መስፈርት ስላላት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ምንም ፎርም ሳይገባ ጠበቃ ያማክሩ። ጠበቃ ያስፈልጋል የምለው በዚህ፣ በቀድሞ ውሸት፣ በእስራትና ቀድሞ አሜሪካ ገብቶ ቪዛው አልፎበት በቆየ ሰው ላይ ነው። ለተራው የወላጅ ፋይል ራሳችሁ ትችላላችሁ። “ውስጥ ሰው አለኝ” የሚል ደላላ ግን በማንኛውም ፋይል አያስፈልግም።

ገንዘቡ ለአንድ ወላጅ እንዲህ ነው። አይ-130 በኢንተርኔት 625 ዶላር (በወረቀት 675)፣ ለኤንቪሲ የቪዛ ማመልከቻ 325፣ የድጋፍ ቃል ምርመራ 120፣ ከቪዛ በኋላ ለዩኤስሲአይኤስ (ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የሚከፈለው የኢሚግራንት ክፍያ 235። ሲደመር 1,305 ዶላር ሲሆን የጤና ምርመራው፣ ክትባቱና ትኬቱ ከዚህ ውጭ ነው። ክፍያዎቹ ስለሚቀያየሩ በምትከፍሉበት ቀን ድረ ገጹን ተመልከቱ።

የድጋፍ ቃሉ፣ ማለትም አመልካቿ የምታመጣውን ሰው ለመደገፍ የምትፈርመው የገንዘብ ግዴታ፣ አይ-864 ነው። አመልካቿ ገቢዋ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንዲደርስ ያስፈልጋል። ሁለት ልጆች ያላቸው ባልና ሚስት ሁለቱንም ወላጆች ሲያመጡ ቤተሰቡ 6 ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በ2025ቱ መለኪያ ለ6 ሰው 43,150 ዶላር ስለነበር 125 በመቶው ወደ 53,937 ዶላር ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚገባው። ባል ለአማቱ ማመልከት ባይችልም አብሮ የሚኖር ከሆነ አይ-864ኤ ፈርሞ ገቢው ከሚስቱ ጋር ይደመራል። ያ ካልበቃ መለኪያውን በራሱ ገቢ ብቻ የሚያሟላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ይሆናል፤ ወይም የጎደለውን አምስት እጥፍ የሚሸፍን ንብረት ይቀርባል። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እወቁ፦ ግዴታው የሚያልቀው ወላጁ ዜግነት ሲወስድ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ሲቆጠሩለት፣ ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ አሜሪካን ለቆ ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያነሣውም። ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) የሚወጣው የታክስ ትራንስክሪፕት ከታክስ ቅጂው ይመረጣል፤ ኤንቪሲ ፋይል ከሚመልስባቸው ምክንያቶች አንዱ እዚህ ላይ የጎደለ ወረቀት ወይም የተሳሳተ የቤተሰብ ቁጥር ነው።

የፖሊስ ማስረጃው ከፊሊፒንስ ብሔራዊ የምርመራ ቢሮ የሚወጣው ኤንቢአይ ክሊራንስ ነው። ሴት ከሆነች የጋብቻም የትውልድም ስሟ በላዩ ይካተት። ሳንቶስ፣ ክሩዝ፣ ሬዬስ የመሳሰለ ብዙ ሰው የሚጋራው ስም ያለው ሰው ተመሳሳይ ስም ያለው ተከሳሽ ከተገኘ “ሂት” ይባልበትና ማጣሪያው እስኪያልቅ ቀናት ይቆያል፤ አትደንግጡ። ከ16 ዓመቱ በኋላ በሌላ አገር ለ12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው የዚያንም አገር ፖሊስ ማስረጃ ያቀርባል። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ ወይም ኩዌት የሠራች እህት ካለች ከአገሩ ሳትወጣ ብታወጣው ቀላል ነው፤ ከተመለሰች በኋላ አሻራ ማስላክና ማስተርጎም ይከተላል። ይህንን ከገልፍ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል።

ቃለ መጠይቁ ማኒላ፣ ሮክሳስ ቡለቫርድ ላይ ባለው ኤምባሲ ነው። ከዚያ በፊት ኤርሚታ ወደሚገኘው የሴንት ሉክስ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የደረት ራጅ ይነሣል። ፊሊፒንስ የሳንባ ነቀርሳ የበዛባት አገር ስለሆነች አሮጌ ጠባሳ እንኳ ቢታይ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል፤ በሦስት ተከታታይ ጠዋት ናሙና ይወሰዳል፣ የባክቴሪያ ማሳደጊያው ውጤትም እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በሽታው ከተገኘ እየታዩ የሚዋጥ ሕክምና ቢያንስ 6 ወር ነው። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ትኬት አይቆረጥም፣ ቤት አይሸጥም፣ ሥራ አይለቀቅም። በአንጻሩ ምርመራውን በጣም አስቀድሞ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ቪዛው ብዙ ጊዜ ከምርመራው ቀን ጀምሮ ቢበዛ 6 ወር ነው የሚያገለግለው፣ የነቀርሳ ምልክት ላለበትም ከዚያ ያጥራል።

ቪዛው ሲወጣ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሲኤፍኦ ግን ይቀራል። በውጭ የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ስደተኛ ቪዛ የያዘ ፊሊፒናዊ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ እንደ ዕድሜው የመነሻ ገለጻ መከታተል አለበት። የውጭ አገር ሰው ሚስት ወይም ባል ሆኖ የሚወጣ ደግሞ የምክር ፕሮግራሙን ይወስዳል። የምስክር ወረቀቱን ያልያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከበረራ ይቀራል። 235 ዶላሩም ከመነሳት በፊት ቢከፈል ይሻላል፤ ካልተከፈለ ግሪን ካርዱ አይታተምም። እስከዚያው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ በመግቢያ ማህተም ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል።

ወላጆች ከገቡ በኋላ ክረምቱን እያዩ “ፓንጋሲናን ቤታችን ይሻለናል” ማለት ይጀምራሉ። ከ6 ወር በላይ ውጭ መቆየት በመመለሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው፤ የልጆቻቸው ኤፍ2ኤ እና ኤፍ2ቢ ፋይልም በእነሱ ግሪን ካርድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሜዲኬርም (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ወዲያው አይገኝም፤ 65 ዓመት ሞልቷቸው የሥራ ታሪክ የሌላቸው ከሆነ በግሪን ካርድ ተከታታይ 5 ዓመት ኖረው ነው መግዛት የሚችሉት። እስከዚያ በገቡ በ60 ቀን ውስጥ ከጤና መድን ገበያው ልዩ ምዝገባ ያድርጉ፤ ቀኑ ካለፈ እስከሚቀጥለው ክፍት ምዝገባ ድረስ መድን የላቸውም ማለት ነው።